ሁሉም የተኛበት የዳቦ መኪና

መኪና ውስጥ እያበሰሉ፣ መኪና ውስጥ እየተኙ አገር የሚዞሩ ሰዎች እንዳሉ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ያምርባቸዋል። እኔና ባለቤቴም ሞክረነው መጣን፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ደርሶ መልስ አራት ቀን። እንዴት ነበር ለሚሉኝ ጎረቤቶቼ «ደህና ነበር» ብዬ አልፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ምን እንደነበር እስካሁን አልገባኝም። ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል ብዬ ነው ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ ስለ መኪናው ልንገራችሁ። ባለቤቴ ማንያዘዋል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዳቦ ያከፋፈለበት፣ ኋላው እንደ ሳጥን የተዘጋ መኪና ነው። እሱ ጡረታ ሲወጣ መኪናውም አርጅቷል ተባለና ዳቦ ቤቱ ለእሱ ለቀቀለት። አምጥቶ ግቢያችን ውስጥ ገተረው። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ጣውላ ሲቆርጥ፣ ምስማር ሲመታ ከረመ። አልጋ ሠራ፣ የእጅ መታጠቢያ ገጠመ፣ የጋዝ ሲሊንደር ማስቀመጫ አበጀ፣ የውሃ በርሜል አሰረ። የኋላው በር ላይ ደግሞ ከውስጥ የሚዘጋ ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ አደረገበት። በዚያ መቀርቀሪያ የኮራውን ያህል በሠርጉም ቀን አልኮራ። ሰው በመጣ ቁጥር ቋ! አድርጎ ዘግቶ፣ ቋ! አድርጎ ከፍቶ ያሳያል።

እኔ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ ነገር ግልጽ ሲሆን ደስ ይለኛል። ይኼ ግን ግልጽ አልሆነልኝም። ቤት እያለን ሌላ ቤት ለምን? በርበሬ የማሰጣበትን ቦታ ወሰደብኝ፤ ይባስ ብሎ ባሌንም ወሰደብኝ። ምሳ ደረሰ ብዬ ስጣራ ከዚያ ነው የሚወጣው፤ ቀን የሚያሸልበውም እዚያው ነው። ባሏ ግቢዋ ውስጥ የጠፋባት ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በዚህ መሃል ሰፈራችን ውስጥ ዳቦ የሚጋግር ሙሉጌታ የሚባል ሰው መኪናውን ለማከፋፈያ ሊገዛው ፈለገ። እኔም ስጠው አልኩ። ማንያዘዋል ሁለት ቀን አኩርፎ በሦስተኛው «ውቢቴ፣ እንዋዋል» ብሎ መጣ። «ሦስት ሌሊት ይዤሽ ልሂድ። መኪናው ውስጥ አንዲቷን ሌሊት እንኳ እንቅልፍ ከወሰደሽ መኪናው ይቀራል። ካልወሰደሽ ሰኞ ጠዋት ቁልፉን በእጄ ለሙሉጌታ እሰጠዋለሁ፤ ሁለተኛ ስሙን አላነሳብሽም።» ዓይኑን አየሁት፤ የምሩን ነው። እኔ ድመት ስትራመድ የምነቃ ሴት ነኝ። እንደማሸንፍ እርግጠኛ ሆኜ እሺ አልኩት።

ሐሙስ

ወሩ ጥቅምት ማለቂያ ላይ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። ገና ለገጣፎን ሳናልፍ ከኋላችን ቋ! ቋ! የሚል ነገር ተነሣ። ድስቶቹ ናቸው። ቤት ውስጥ ድስት ያስቀመጡበት ይገኛል፤ እዚህ ግን ፍሬን በተያዘ ቁጥር አገር ይቀይራል። ሰንዳፋ ላይ አቁመን ብናይ የምስሩ ጣሳ ተከፍቶ ምስሩ በሙሉ አልጋው ላይ ተዘርቷል። ስለዚህ ምክር፦ እህል በጣሳ አትያዙ። በከረጢት ቋጥሩት፤ ድስቶቹን አንዱን በአንዱ ውስጥ ከታችሁ መሃላቸው ጨርቅ ጠቅጥቁበት። እኔ ያንን ምስር እስከ እሑድ ድረስ ከአንሶላ ስለቅም ነበር።

ሸኖ ላይ ቅቤ ልገዛ ወረድኩ። ስመለስ መኪናችን ጀርባ ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፏል። ምን ተፈጠረ ብዬ ስጠጋ አንዲት ሴት ዘንቢሏን አቀፍ አድርጋ «ዳቦው ለሰው ስንት ስንት ነው የሚደርሰው?» አለችኝ። ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። ማንያዘዋል ሳጥኑን ሦስት ጊዜ ግራጫ ቀብቶታል፤ ፀሐይ በጎን ሲመታው ግን «ትኩስ ዳቦ» የሚለው የድሮ ጽሑፍ ከሥሩ ብቅ ይላል። ሽታውም አልለቀቀም፤ ስንቴ አጥቤው ዛሬም ዳቦ ዳቦ ይላል።

«ዳቦ የለም እናቴ» አላት ማንያዘዋል።

«ታዲያ ምንድን ነው የያዛችሁት?»

ማንያዘዋል ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ መኪና ጀርባ የተሰለፈን ሰው ባዶ እጁን ሸኝቶ አያውቅም። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁና እጁን ይዤ ወደ ጋቢናው አስገባሁት።

ጫጫን ልናልፍ ስንል ደግሞ አንድ ትራፊክ አስቆመን። ሊብሬውን አገላብጦ አየ። «የጭነት ይላል። ጭነቱ የታለ?»

ማንያዘዋል ግራ ሲገባው ይቀልዳል፤ ወደ እኔ አመለከተና «እሷ ናት» አለ።

ትራፊኩ አልሳቀም። ከኋላ ሄዶ በሩን ከፈተ። አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ሽሮ፣ ሲሊንደር፣ የተዘራ ምስር። ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየ። «ይኼ... የሕዝብ ነው የጭነት?»

«ቤት ነው» አለ ማንያዘዋል።

«ቤት ከሆነ ካርታው የታለ?»

ሦስታችንም መልሱን አናውቅም። በመጨረሻ ራሱ ትራፊኩ መረረው መሰለኝ «እንግዲህ ሂዱ፤ ከፊታችሁ ሌላ ሰው ካስቆማችሁ ዕቃ እያዛወርን ነው በሉ» ብሎ መከረን። ደግ ሰው ነው። ምክሩንም ይኸው አካፍያችኋለሁ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ብርዱን አትጠይቁኝ። የአዲስ አበባን ብርድ ብርድ ነው እያልኩ ስማረር የኖርኩበት ዘመን አሳፈረኝ። ያረፍነው ሰናይት ጋ ነው። ሰናይት የማንያዘዋል የእህቱ ልጅ ናት፤ ፋብሪካ ገብታ ስትሠራ አራተኛ ዓመቷ ነው፤ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ አንዲት ክፍል ይዛ ትኖራለች። ሐሳባችን ሰላም ብለናት፣ መኪናውን ግቢው ውስጥ አቁመን፣ እዚያው አልጋችን ላይ መተኛት ነበር። እሷ ግን ገና ስንገባ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብላ ቅቅሉን አውጥታ ነበር፤ በሞቴ ስትል፣ አፈር ስሆን ስትል አጥግባን፣ ወደ መኪናው ልንነሣ ስንል በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት?»

«ኧረ ምንም! አልጋ አለን እኮ፤ እኔው ነኝ የሠራሁት።»

«ግቢው ሙሉ ተከራይ ነው። ነገ 'አጎቷን ውጭ መኪና ላይ አሳደረች' ሲሉኝ የት እገባለሁ? እኔ ጎረቤቴ ጋ አድራለሁ፤ አልጋው ይኸው።»

ማንያዘዋል ተከራከረ፣ ለመነ። ልጅቷ ዕንባዋ መጣ። ተሸነፍንና አልጋዋ ላይ ተኛን። እኔ በሆዴ አንድ ሌሊት ያለ መኪና ማለፉ ለእኔ ነው እያልኩ ነበር።

አርብ

ጠዋት ወጥቼ ሳይ ውርጩ መኪናውን አልብሶታል። በሩን ልከፍት ብል ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሌባ ገባ ብዬ ልጮኽ ስል መቀርቀሪያው ቋ! አለና ሰናይት ፀጉሯን እያስተካከለች ወጣች።

«ጎረቤቴ ጋ አላልሽም?»

«ጎረቤቴም እንግዳ መጥቶባት አገኘኋት። የመኪናው በር ደግሞ አልተቆለፈም ነበር...» አለች አፍራ። ወዲያው ሳቀች። «እትዬ ውቢት፣ እንዴት ያለ እንቅልፍ መሰለዎት! ተረኛ መሆኔን ሁሉ ረስቼው!»

እኛ እሷ አልጋ ላይ፣ እሷ እኛ አልጋ ላይ። ይኼን ለማን ይነግሩታል? ማንያዘዋል ግን ጮቤ ረገጠ፤ «አልነገርኩሽም? አልነገርኩሽም?» እያለ ፊቱን ሊታጠብ ቧንቧውን ከፈተ፤ ጠብ የሚል ጠፋ። ውሃው በቧንቧው ጎማ ውስጥ በረዶ ሠርቷል። ምድጃውም ክብሪት ጨርሰን እምቢ አለ። ደጋ ለምትሄዱ ምክር፦ ማታ ማታ የቧንቧውን ውሃ አፍስሳችሁ እደሩ፤ ለጠዋት ሻይ የሚሆነውን በፔርሙዝ ያዙ፤ ካልሆነ እንደ እኛ ፊታችሁን በጎረቤት ውሃ ትታጠባላችሁ።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር መንገዱ ጥሩም መጥፎም ነው፤ ጥሩ ሲሆን ጉም ይመጣል፣ ጉሙ ሲገፈፍ ጥሩው መንገድ ያልቃል። ግራና ቀኝ የገብስ ማሳ ነው፤ አንዳንዱ ታጭዷል፣ አንዳንዱ ቆሟል። አንኮበር ስትደርሱ መሬቱ በድንገት ያልቅና ቆላው ከእግራችሁ በታች ይዘረጋል ይባላል። ለእኛ የተዘረጋልን ነጭ ጉም ብቻ ነበር። ማንያዘዋል «ያ ቆላው ነው» እያለ በጣቱ ያሳየኛል፤ እኔም አየሁ እላለሁ።

ችግሩ ማቆሚያ ነው። አንኮበር ላይ ደልዳላ ቦታ ፈልጋችሁ እስክታገኙ ይመሻል። ቤታችን ድስት ሲጣድ ወጡ መሃል ላይ ይሆናል፤ እዚያ ግን ወጡ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ግማሹ ሲያር ግማሹ ጥሬ ሆነ። በመጨረሻ አንድ ማሳ ዳር አቁመን ጎማው ሥር ድንጋይ ስናደርግ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከላይ ወደ እኛ ወረዱ። ጋሽ ሸዋንግዛው ይባላሉ፤ ማሳው የእሳቸው ነው።

«ምነው፣ ተበላሸባችሁ?»

«የለም አባቴ፣ ደህና ነው። ከፈቀዱልን እዚሁ ልናድር ነው።»

«የት?»

«መኪናው ውስጥ።»

ሽማግሌው መኪናውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ወደ ቤታቸው ዞረው አዩ። ቤቱ ከመቶ እርምጃ አይርቅም፤ ጭሱ ይታያል። ድምፃቸው ተለወጠ። «ሸዋንግዛው ሞቷል አሏችሁ እንዴ?»

«ኧረ እግዜር ያኑርዎት! እንዳናስቸግር ብለን...»

«ሰው እንደ ከብት ማሳዬ ላይ አድሮ ነገ እኔ በየት አልፋለሁ? ተነሡ፣ ተነሡ!»

ተነሣን። ባለቤታቸው እማማ ጥሩነሽ የባቄላ እሸት፣ ሽሮና ጠላ አቀረቡ፤ የሸኖውን ቅቤ ሰጠኋቸው። መኪና ውስጥ መተኛት ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳቸው ስሞክር «ቤት የላችሁም?» አሉኝ። አለን አልኩ። «ታዲያ ዘመድ የላችሁም?» አለን አልኩ። «ታዲያ ከማን ጋር ተጣልታችሁ ነው?» አሉኝ በሐዘኔታ። ከማንም ጋር እንዳልተጣላን ልምልላቸው ጥቂት ቀረኝ። ማንያዘዋል ነገሩን በእኔ እጅ ትቶ ጠላውን ይጠጣል።

መደቡ ላይ አነጠፉልን። ድመት ስትራመድ የምነቃውን ሴትዮ ዶሮ እንኳ አልቀሰቀሰኝም። ግን መኪና ውስጥ ስላልሆነ በውላችን አይቆጠርም።

ቅዳሜ

ስንነቃ ባለቤቶቹ የሉም። ብንጣራ መልስ የለም። ብንወጣ እማማ ጥሩነሽ ከመኪናችን ኋላ እየወረዱ ነው፤ ጋሽ ሸዋንግዛው እጃቸውን ይዘዋቸዋል። እኔ ለማየት እንኳ አፈርኩ።

«ንብረት ብቻውን ሜዳ አያድርም ብለን ነው» አሉ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ። «ጅብ አለ።»

«ጅብ መኪና ይነዳል?» አሉ እማማ ጥሩነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው። «አይ እንቅልፍ! ስንጋባም እንዲህ ያለ አልጋ አላገኘን። በሩም እንዴት ይቆለፋል!»

ገንፎውን በራሳችን ቅቤ አብልተው፣ አንድ ቁና ገብስ ቋጥረው ሸኙን። ማንያዘዋል መሪውን ይዞ መንገድ መንገዱን ያያል። ሰው ሁሉ ተኝቶበት እኔ ብቻ አልተኛሁበትም፤ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የቀረው።  ደስ ሊለኝ ሲገባ ለምን እንዳላለኝ አላውቅም።

ደብረ ብርሃን ዳር ስንደርስ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ተጠባባቂ ጎማ የለንም። መደርደሪያ ልሠራበት ብሎ ማንያዘዋል ጎማውን ከነማስቀመጫው አውልቆ ቤት ትቶታል! እንዲህ ያለ መኪና የምትሠሩ ሰዎች ስሙኝ፤ የፈለጋችሁትን አውልቁ፣ ተጠባባቂውን ግን አትንኩ። ለሰናይት ቢደውል ሥራ ላይ ናት፤ ስልኳ ዝግ ነው። የተነፈሰውን ፈትቶ በባጃጅ ይዞ ጎሚስታ ፍለጋ ሄደ። እኔ ከመኪናው ጋር ቀረሁ።

የቆምነው ከምዕራብ በኩል ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ከሚኖሩበት መጠለያ ፊት ለፊት ነበር። አላስተዋልኩም ነበር እንጂ ባስተውልም ምርጫ አልነበረኝም። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል ሰው ተሰልፏል። የሸኖው ዓይነት አይደለም፤ ሃያ፣ ሠላሳ ይሆናሉ፤ ማንም አይጋፋም፣ ማንም አይጠይቅም፤ ሳሕንና ፌስታል ይዘው ዝም ብለው ቆመዋል። ጽሑፉ ፀሐይ መትቶት እንደ አዲስ ይነበባል።

«ዳቦ የለም» ማለት እንዴት ይከብዳል መሰላችሁ? አፌ እምቢ አለኝ። ሮጬ የኋላውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት፤ ራሳቸው ይዩት ብዬ። ከፊት የቆመችው ሴት አንገቷን ብቅ አድርጋ አየች። ዘነቡ ትባላለች፤ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። አልጋውን አየች፣ ድስቱን አየች፣ የገብስ ቋጠሮውን አየች። ፊቷ ተለወጠ። ወደ ሰልፉ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዳቦ አይደለም። እንደኛው ናቸው» አለች።

ሰልፉ ተበተነ። አንድ ሽማግሌ ሲያልፉ «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። አንድ ሰው መኪናው እንዳይንሸራተት ድንጋይ አምጥቶ ጎማው ሥር ሻጠ። ዘነቡ ሄዳ የተቀቀለ ድንችና ትንሽ በርበሬ በሳሕን ይዛ መጣች። «ብዪ እታለም። ከየት ነው የተነሣችሁት? እኛም በጭነት ነው የመጣነው፤ አልጋ ግን አላወጣንም።»

ውሸት አልተናገርኩም። ዝም አልኩ እንጂ። ዝም ብዬ ድንቹን በላሁት፤ በረሃብ ሳይሆን መልሼ ብሰጣት ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ልጆችን ዝምታ መልስ አይደለም እያልኩ የቀጣሁ ሰው ነኝ።

ማንያዘዋል ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ጎሚስታው ጎማውን ተቀብሎ ነገ ጠዋት ና ብሎታል። ዘነቡን ሰላም ብሎ ጥያቄዋን ሲሰማ ምንም ሳያውቅ «ኧረ እኛ ከአዲስ አበባ ነን፤ ለሽርሽር ነው የመጣነው» አላት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዘነቡ አልተቆጣችም። እንዲያውም ሊገባት ሞከረች። «ቤት አላችሁ?»

«አለን» አልኩ።

«አሁን ተዘግቷል?»

«ተቆልፏል።»

«ማንም ሳያስወጣችሁ ነው የወጣችሁት?»

«አዎ።»

ትንሽ አሰበች። «ሰው ወድዶም ይወጣል ለካ!» አለችና ሳቀች፤ የእውነት ሳቅ ነው፣ ሽሙጥ የለበትም። ከዚያ «ልየው?» ብላ ወደ ላይ ወጣች። አልጋውን በመዳፏ ጫን ጫን አደረገች። መቀርቀሪያውን ስታይ እጇን ሰበሰበች። «አንድ ጊዜ ልዝጋው?»

«ዝጊው» አለ ማንያዘዋል፣ እንደ ልማዱ ሊያሳያት እየተጣደፈ። እሷ ግን በሩን ሳበችና እኛን ውጭ ትታ ዘጋችው። ቋ! አለ። ጠበቅን። ድምፅ የለም። እኔና ማንያዘዋል ተያየን። ላንኳኳ ስል እጄን ያዘኝ። አምስት ደቂቃ ይሁን አሥር አላውቅም፤ ሰዓት አላየሁም።

ከፍታ ስትወጣ አላለቀሰችም። «ከውስጥ ነው የሚዘጋው» አለች፣ እኛ የማናውቅ ይመስል። «የኔ በር ከውጭ ጓጉንቸር አለው። ከውስጥ ግን በገመድ ነው። ገመዱን እጄ ላይ ጠምጥሜ ነው የምተኛው፤ ሰው ቢስበው እንድነቃ።»

ማንያዘዋል ከወንበሩ ሥር መፍቻውን አወጣና መቀርቀሪያውን ይፈታ ጀመር። ምን ታደርጋለህ አላልኩትም። አራት ብሎን ነው። ፈትቶ ይዞ ተከተላት፤ በሯ የቆርቆሮና የጣውላ ነው፤ ጣውላው ላይ አጥብቆ ገጠመላት። እሱ ሲሠራ በረድፉ ውስጥ ያሉት ሴቶች አንድ በአንድ ወጥተው ከየበራቸው ፊት ቆሙ። ማንም ለእኔስ አላለም። እኔም እንደ አመሌ ሳላስበው ስቆጥር ተገኘሁ፤ የዘነቡን ጨምሮ ዘጠኝ በር፣ ዘጠኝ ገመድ። ማንያዘዋል ቀና ብሎ አያቸውና ወዲያው አቀረቀረ።

ልንለያይ ስንል ዘነቡ እጄን ያዘችኝ። «እንግዳ ውጭ አያድርም ነበር። ግቡ የምላችሁ ቤት የለኝም፤ አምስት ነን በዚችው። እንግዲህ እዚሁ እደሩ።» ተሸማቃ ነው ያለችው፤ እኔም ተሸማቀቅሁ።

በሦስት ቀን ውስጥ አልጋውን የማይለቅልን ሰው አገኘን ማለት ነው። ስለዚህ በመጨረሻ መኪናችን ውስጥ ተኛን። በሩ መቀርቀሪያ የለውም። ማንያዘዋል ገመድ አስሮ ጫፉን ሰጠኝ፤ እጄ ላይ ጠመጠምኩት። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይስበኛል።

እሑድ

ሲነጋ ማንያዘዋል ጀርባውን እንደሰጠኝ «ተኛሽ?» አለኝ።

ውሸት መናገር እችል ነበር፤ አንዲት ቃል ነበረች። «ዓይኔን አልከደንኩም» አልኩት።

«እሺ» አለ።  ሄዶ ጎማውን አመጣ።

ልንነሣ ስንል ዘነቡ መጣች። ፊቷ ታጥቦ ያበራል። «እንዴት አደራችሁ? እኔስ ዛሬ ተኛሁ! ልጆቹ ናቸው የቀሰቀሱኝ!» አለች። ከዚያ «ቤታችሁ በሰላም ያግባችሁ» ብላ መረቀችን። አሜን አልን። እስከ ሸኖ ድረስ አልተነጋገርንም። ሸኖ ላይ ሳንቆም አለፍን። ከኋላ ድስቶቹ ሲንኳኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አላናደዱኝም፤ ድምፅ በመኖሩ ደስ አለኝ። ቤታችን ገብቼ በሩን ከውስጥ ስቆልፍ እጄ ቁልፉ ላይ ቆየ።

ሰኞ

ሙሉጌታ በጠዋት መጣ። ማንያዘዋል ቁልፉን ይዞ ግቢው ውስጥ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ቃሉ ቃል ነው፣ በዚህስ አይታማም። ሙሉጌታ ሞተሩን ሰማ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ የኋላውን በር ከፈተ። «አልጋውን አንሡልኝ እንጂ ሌላው ጥሩ ነው። እዚህ በሩ ላይ አራት ቀዳዳ አለ፤ ምን ነበር?»

«መቀርቀሪያ ነበረ» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«ከውስጥ? ዳቦ ማንን ፈርቶ ከውስጥ ይቆልፋል?» ብሎ ሳቀ።

ሳልዘጋጅበት ከማንያዘዋል እጅ ቁልፉን ወሰድኩት። «አይሸጥም» አልኩ። ሙሉጌታ ማንያዘዋልን አየው። ማንያዘዋል እኔን አየኝ። «አልተኛሁም አላልሽም?» አለኝ።

«አልተኛሁም።»

«ታዲያ?»

ታዲያ ምን ልበለው? ይኸው እዚህ ድረስ ጽፌም መልሱን አላገኘሁትም። ሙሉጌታ እየተነጫነጨ ሄደ፤ በርበሬዬን ጎረቤት ግቢ አሰጣሁት። ከሰዓት በኋላ ማንያዘዋል ምንም ሳይነግረኝ መርካቶ ወጥቶ በትከሻው ከባድ ከረጢት ተሸክሞ ተመለሰና ቋ! አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ፈታሁት፤ መቀርቀሪያዎች ናቸው፣ ከነብሎናቸው። ቆጠርኳቸው። ዘጠኝ ነው፤ ስምንቱ ለዘነቡ ጎረቤቶች፣ አንዱ ለእኛ። በሮቹ ስንት እንደሆኑ እኔ አልነገርኩትም፤ ለካ እሱም ቆጥሯል።